ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ፦ በደብረ ታቦርና አካባቢዋ ቤት ለተከራየ ሰው

ከይፋግ፣ ከወረታ ወይም ከአዲስ ዘመን ለሥራ ወደ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እጅ የሚቆርጥ የጠዋት ውሃ ነው። የጣና ዙሪያ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን ከጉና ሥር 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ይፋግ ላይ ከቧንቧ በወረደ ውሃ ገላውን ሲታጠብ የኖረ መምህር ወይም ነርስ፣ ኅዳር ላይ ደብረ ታቦር ገብቶ ቤት ሲያፈላልግ ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው “ቦይለር አለው?” ብሎ ነው። አከራዮችም ይህን ስለሚያውቁ ቦይለር ያለው ክፍል ኪራዩ ጨመር ይላል።

እንግዲህ ያ የተጨመረበት ቦይለር አንድ ቀን ውሃውን እንደገባ ቀዝቃዛ አድርጎ ያወጣዋል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ነው። የሚመለከተውም መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ባለ 30፣ ባለ 50 ወይም ባለ 80 ሊትር የውሃ ማሞቂያ ነው። ቤቱን በራዲያተር ማሞቅ እኛ ዘንድ ስላልተለመደ ስለሱ አላነሳም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቦይለር ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ቦይለሩ አይደለም። ወይ ውሃው ነው፣ ወይ መብራቱ ነው፣ ወይ አንድ ሰው ሳይዘጋው የሄደው ቧንቧ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎም ከአከራይዎ ጋር ከመጨቃጨቅዎም በፊት ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሞክሩት። ለዚህ ካቻቪቴ አያስፈልግም፤ የቦይለሩን ክዳን እስከ መጨረሻው ድረስ እርስዎ አይፈቱትም።

መጀመሪያ ማጥፋት

ቦይለሩን ከብሬከሩ ያጥፉት። ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ መጫን ብቻውን አይበቃም፤ በብዙ ቤቶች መስመር የዘረጋው ሰው ማጥፊያውን በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ አስገብቶት ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ቀዩ መብራት ጠፍቶም ቦይለሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ብሬከሩ የአከራይዎ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ገብተው ያስጠፉ፤ “እኔ እዚያ ስሆን ማንም እንዳይመልሰው” ብለውም ይንገሩ። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ ይህ ትርፍ ቃል አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። ሻወር ቤት ገብተው የቧንቧው ብረት ነዘር ካደረገዎት ወይም ውሃው ራሱ እጅዎን ጭር ካደረገው፣ ፍተሻው እዚያው ላይ ያበቃል። ብሬከሩን ያጥፉ፣ በሩን ይዝጉ፣ ለግቢው ሰው ሁሉ ይንገሩ፣ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። “ትንሽ ነው፣ ጫማ አድርጌ እታጠባለሁ” የሚባል ነገር የለም። ከቦይለሩ የሚወጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ የመሬት መስመር ነው። ዋናው አደጋ ይህ ሽቦ ከቦይለሩ ጋር ሳይገናኝ መቅረቱ ወይም ግቢው ጭራሹን የመሬት ዘንግ የሌለው መሆኑ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ቢቀደድና ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ቢገባ በዚያ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ሽቦው ከሌለ መውረጃው የሚታጠበው ሰው ይሆናል።

ውሃ አለ ወይ?

ብሬከሩ እንደጠፋ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ። ውሃው በጉልበት ከወረደ ቦይለሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ጭራሹን ካልወረደ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቦይለር ሙቁን ውሃ በራሱ አይገፋም። ሙቁ የሚወጣው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ያለውን ሲገፋው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ውሃ ሲቋረጥ ቦይለሩ 50 ሊትር የሚያቃጥል ውሃ ይዞ እያለ ከሻወሩ አንዲት ጠብታ ላትወርድ ትችላለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በየሳምንቱ የሚታይ ነው፤ ተከራዩ ግን “ቦይለሩ ሞተ” ይላል። ግቢው ሮቶ ካለው ደግሞ ሮቶው መሙላቱንና ከቦይለሩ ከፍ ብሎ መቀመጡን ይመልከቱ። መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከጣራ ሥር የተሰቀለ ቦይለር ሊሞላ አይችልም፤ ለዚህ ከፍ ያለ ቆጥ ወይም ፓምፕ ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛው በደንብ እየወረደ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ችግሩ ከቦይለሩ ሥር ነው። ሁለት ቧንቧ ያያሉ፤ ሰማያዊ ቀለበት ያለው ቀዝቃዛ ማስገቢያ፣ ቀይ ያለው ሙቅ ማውጫ ነው። በሰማያዊው በኩል ትንሽ እጀታ ያላት የነሐስ ቁራጭ አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ከሷ ቀደም ብሎ የተገጠመው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከቱ። ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ነገር ጠግኖ ግማሽ ብቻ ከፍቶት መሄዱ የተለመደ ነው።

የሴፍቲ ቫልቯ ሥራ ሁለት ነው። ውስጥ ያለው ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች፤ የሰፈሩ ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ በገባበት ቧንቧ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዘዋለች። ሁለተኛው ለኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ቫልቯ አርጅታ መያዝ ካቃታት ውሃ በጠፋበት ሌሊት ቦይለሩ ቀስ ብሎ ይራቆታል። ጠዋት ተነሥተው ብሬከሩን ሲያበሩ ኤለመንቱ ውሃ በሌለበት ይግላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል። በእኔ ግምት በከተማችን ያለጊዜው ከሚጣሉት ኤለመንቶች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ልማድ ያውጡ፤ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው፣ አየሩን እያስነጠሰ ጨርሶ ውሃው ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ያብሩ። ይህን ብቻ የሚያደርግ ተከራይ ከሌላው ጽሑፌ ምንም ባያነብ አይከፋኝም።

መብራቱስ ሙሉ ነው?

ውሃው ደህና ከሆነ ብሬከሩን መልሰው የቦይለሩን ጠቋሚ መብራት ይመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ ቀዩ ሲበራ እየሞቀ ነው፤ ሲጠፋ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ሙቀቱ ደርሷል። ምንም ካልበራ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ብሬከሩን እንዳበሩት ተመልሶ የሚወድቅ ከሆነ ደጋግመው አይጫኑት፤ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። “ትልቅ ብሬከር ቀይርልኝ” ማለት ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ በብሬከሩ ፈንታ የሚነደው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

መብራቱ በርቶ ውሃው ለብ ብሎ ብቻ ከቀረስ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይግባ። አንድ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ኤለመንቱ 1,500 ዋት ከሆነና ቮልቴጁ 220 ከሆነ ሥራው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ቮልቴጁ ሲወርድ ግን የኤለመንቱ ጉልበት በዚያው ልክ አይደለም የሚወርደው፤ ከዚያ በላይ ነው። በ180 ቮልት ያው ኤለመንት 1,000 ዋት ብቻ ይሆንና ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። በ160 ቮልት ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚሰካበት ጊዜ አምፖሉ ሲደበዝዝ ካዩ፣ የቦይለሩም ኤለመንት ደክሟል ማለት ነው። ቴርሞስታቱን ወደ ላይ ማዞር ለዚህ አይረዳም፤ ቴርሞስታት የት ላይ ማቆም እንዳለበት እንጂ በምን ፍጥነት መሞቅ እንዳለበት አይወስንም።

መፍትሔው ጊዜ መቀየር ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወይም ቀን ላይ ያሙቁት። ጥሩ ቦይለር የማታውን ሙቀት እስከ ጠዋት ይይዛል፤ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይጥላል። ቮልቴጁ ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነና ችግሩ የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የስልክ መስመር 905 ያመልክቱ፤ ከአንድ ቤት ይልቅ ብዙ ቤት ቢያመለክት ይሻላል። የግቢው ብቻ ከሆነ ግን ከቆጣሪው እስከ ሰርቪስ ቤቱ የተዘረጋው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ወይም አንዱ መገጣጠሚያ ላልቷል። ሶኬቱን ወይም ማጥፊያውን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ከሞቀ፣ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ፣ ችግሩን አገኙት።

በዲቫይደር ላይ ቦይለር አይሰካም። ለፍሪጅ በተገዛ የቮልቴጅ መከላከያ በኩልም እንዲሁ። 1,500 ዋት ያለው ቦይለር ወደ 7 አምፔር፣ 2,000 ዋት ያለው ወደ 9 አምፔር በተከታታይ ለሰዓታት ይስባል፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። የፍሪጁ መከላከያ ደግሞ ቮልቴጁ ሲወርድ ዝም ብሎ ስለሚያቋርጥ “ቦይለሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ያቆማል” የሚያሰኘው እሱ ሊሆን ይችላል። መከላከያውን ከመሃል ያውጡትና ይዩት።

ቴርሞስታቱ

ውሃም መብራትም ደህና ከሆኑ አሁን ወደ ቴርሞስታቱ እንመጣለን። አንዳንዱ ቦይለር ማዞሪያው ውጭ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ክዳኑ ውስጥ ነው፤ ውስጥ ያለውን አይንኩ። ውጭ ያለውን ግን እስከ መጨረሻው ወደ ዝቅተኛው ያዙሩትና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይመልሱት። ጸጥ ባለ ሰዓት ጆሮዎን ጠጋ ካደረጉ አንድ ቦታ ላይ “ቀጭ” የምትል ድምፅ ይሰማሉ። ያ ድምፅ ከተሰማና ቀዩ መብራት ከበራ ቢያንስ የቴርሞስታቱ ማዞሪያ ይሠራል። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ቢያዞሩት “ቀጭ” ካላለ ቴርሞስታቱ ወይ ሞቷል፣ ወይ የደኅንነት ቆራጩ ዘሎ ቆሞአል።

የደኅንነት ቆራጭ ያልኩት ከቴርሞስታቱ ጋር ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ጥቁር ናት። ውሃው ከልክ በላይ ከሞቀ ትዘላለች፤ ሰው ሳይጫናት ራሷ አትመለስም። የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ክዳን ውስጥ ስለሆነ ሥራው የኤሌክትሪሺያን ነው። እርስዎ የሚያደርጉት እሱ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ መጠየቅ ነው። አንዴ ተጭኗት ቦይለሩ ከወር በላይ በሰላም ከሠራ ጥሩ፤ የቮልቴጅ መናወጥ ወይም ውሃ መጉደል ይሆናል። በሁለትና በሦስት ቀን ተመልሳ ከዘለለች ግን ምክንያት አላት፤ ወይ ቴርሞስታቱ ማቆም አቅቶታል፣ ወይ ኤለመንቱ በደለል ተሸፍኗል። እየደጋገመ ቁልፏን ብቻ ተጭኖ ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኝቶ “አሁን ይሠራል” የሚል ከሆነ ደግሞ በሩን ያሳዩት። ማቆሚያ የሌለው ቦይለር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቦምብ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው። የተዘጋው የቦይለሩ ጋን ውስጥ ግን ግፊት ስላለ ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል፤ ቧንቧው ሲከፈት ነው በአንዴ እንፋሎት የሚሆነው። ስለዚህ ሙቁን ሲከፍቱ እየተፋና እየተንኮሻኮሸ እንፋሎት ካወጣ፣ ቧንቧውን ቀስ ብለው ዘግተው ብሬከሩን ያጥፉ። ቀዝቃዛ ማስገቢያውን አይዝጉት። ቦይለሩ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት።

ማዞሪያውን የት ላይ ላድርገው ለሚሉ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ከዚያ ዝቅ ካለ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሳንባ የማይበጅ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከዚያ ቢበዛ ደለል ይበዛል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። 60 ዲግሪም ቢሆን ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን መክፈት ይልመድ።

ለብ ብሎ የሚያልቅ ውሃ

ይህ ከሁሉ የሚያናድድ ነው፤ ቦይለሩ ያሞቃል፣ ሻወሩ ግን ሁለት ደቂቃ ሞቆ ይቀዘቅዛል። ባለሙያ መጥቶ ኤለመንት ቀይሮ ገንዘብ ወስዶ ይሄዳል፤ ችግሩ ግን ያው ነው። መጀመሪያ የመጸዳጃውን የእጅ መታጠቢያ ቱቦ ይመልከቱ። ከሚክስቸር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን ከሚቀላቅለው ቧንቧ) ጋር የተገናኘ ከሆነና ጫፉ ላይ ብቻ ተጭኖ የተዘጋ ከሆነ፣ ሚክስቸሩ ክፍት ስለሆነ ቀዝቃዛው ውሃ በውስጥ በኩል ወደ ሙቁ ቧንቧ ይሻገራል። ሻወሩ ላይ የሚደርስዎት የተቀላቀለው ነው። እያንዳንዱን ሚክስቸር ከሥሩ ይዝጉና እንደገና ይሞክሩ።

ለማረጋገጥ ደግሞ ቦይለሩ ሥር ያለውን የቀዝቃዛ ማስገቢያ ለአጭር ጊዜ ዘግተው፣ ብሬከሩን አጥፍተው፣ የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ። ጥቂት ተንጠባጥቦ ካቆመ ደህና ነው። መውረዱን ከቀጠለ ውሃው ቦይለሩን ሳይረግጥ በሌላ በኩል እየመጣ ነው። ሲጨርሱ ማስገቢያውን መክፈት እንዳይረሱ።

አዲስ የተገጠመ ቦይለር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ካደረገ ሰማያዊውና ቀዩ ተቀያይረው ተገጥመዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሙቁን ከላይ መግፋት ሲገባው፣ ከላይ እየፈሰሰ ሙቁን ይበርዘዋል። ማንም ሊያየው የሚችል ስሕተት ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው።

የሚያንጠባጥብ ቦይለር

ሴፍቲ ቫልቯ ቦይለሩ ሲሞቅ ብታንጠባጥብ አይደንግጡ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.8 ሊትር ያህል ይሰፋል፤ መሄጃው በዚያች ቀዳዳ ነው። ቱቦ አድርገውላት ወደ ማፍሰሻው ይምሩት። ማንጠባጠቡ አስጠልቶት ቀዳዳዋን በእንጨት ወይም በማስቲካ የደፈነ ሰው አይታጣም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዛሬውኑ ይንቀሉት። ቀዝቃዛ ሆኖም ቀን ከሌሊት የምታፈስ ከሆነ ግን ቫልቯ አርጅታለች ወይም የሰፈሩ ግፊት በዝቷል፤ መለወጧ ብዙ ወጪ የለውም።

በታችኛው ክዳን ዙሪያ የሚንጠባጠብ ከሆነ የጎማ ማሸጊያው ነው፤ ይለወጣል። ከቦይለሩ ገላ፣ ከቆርቆሮው ስፌት ላይ ዝገት ቀላቅሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ጋኑ ተበስቷል። ደብረ ታቦር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት የጋፋት ጎረቤት ናትና ብረት የማይፈራ በያጅ አይጠፋባትም። “እበይደዋለሁ” ይልዎታል። አይስማሙ። የጋኑ ውስጥ በመስታወት መሳይ ልባስ የተቀባ ስለሆነ የብየዳው እሳት ዙሪያውን ያለውን ልባስ ያቃጥለዋል፤ በወራት ውስጥ በሌላ በኩል ይበሳል። የተበሳ ጋን ያበቃለት ነው።

እዚያ እንዳይደርስ የሚጠብቀው ጋኑ ውስጥ የተሰካ የማግኒዥየም ዘንግ ነው፤ ዝገቱ ብረቱን ትቶ እሱን ይበላዋል። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ቦይለሩ ሲከፈት ዘንጉ ካለቀ ይለወጣል፤ ደለሉም ይጠረጋል። ሰፈርዎ ደለል የሚጥል ውሃ ያለው መሆኑን ለማወቅ የቤትዎን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ኤለመንቱም ያንኑ ለብሷል። ቦይለሩ ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣውም ለዚህ ነው።

ባለሙያው ሲመጣ

ኤሌክትሪሺያኑ የሚይዘው መሣሪያ ብዙ ነገር ይናገራል። በቴስተር ካቻቪቴ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ “ኤለመንቱ ነው” ካለ አይቸኩሉ። መልቲሜትር ያለው ሰው ሽቦዎቹን ነቅሎ የኤለመንቱን ጫፎች ይለካል፤ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ 32 ኦም፣ ባለ 2,000 ከሆነ 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከቦይለሩ ብረት ጋር ይለካል፤ እዚህ ላይ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ኤለመንቱ ተቀዷል፤ ቢያሞቅም ይለወጣል። ይህን ሁለት ልኬት አጠገቡ ሆነው ይዩ፤ ቁጥሩን ያስነብቡት። አሮጌውን ዕቃ “ስጠኝ” ይበሉ፣ ለአከራይዎ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ከአከራይ ጋር

የሚከብደው ክፍል ይህ ነው። ግቢ ውስጥ አብረው የሚኖሩ አከራይ ሴትዮ ከሆኑ ነገሩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የቡናም ነው። ስሞታ ይዘው አይሂዱ፤ የፈተሹትን ይዘው ይሂዱ። “እትዬ፣ ቦይለሩ ማሞቅ አቁሟል። ውሃውንም ብሬከሩንም አየሁት፣ ደህና ነው። ኤሌክትሪሺያን ላምጣ ወይስ እርስዎ የሚያውቁት ሰው አለ?” ቢሉ፣ “አንተ ከመግባትህ በፊት እኮ እሳት ነበር ልጄ!” የምትለው መልስ መምጣቷ አይቀርም። አይከራከሩ። ባለሙያው እሳቸው ባሉበት ቢፈትሽ ይሻላል፤ የተቃጠለውን ኤለመንት በእጃቸው ሲይዙት ወሬው ይቀየራል።

ማን ይክፈል ለሚለው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲይዝ ያዛል። ተከራዩ የሚሸከመው በውሉ የተስማማበትንና እንደ በር፣ መስኮት፣ የውሃ መክፈቻ ያለውን ጥቃቅን ጥገና ነው፤ እርጅና ያመጣውን ብልሽት ግን አይሸከምም። በእንግሊዝ አገር ሕጉ ራሱ የሙቅ ውሃ ማሞቂያን ጠቅሶ በአከራዩ ላይ ይጥለዋል። የኛው በስም ስለማይጠራው ውሉ ላይ መጻፍ የእርስዎ ሥራ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይፈልጋል፤ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚሠራ ያሉበት ከተማ ውስጥ መጀመሩን ከከተማ አስተዳደሩ ይጠይቁ። ጀመረም አልጀመረም፣ አንዲት መስመር ትበቃለች፤ “ባለ 50 ሊትር ቦይለር እየሠራ ተረክቤያለሁ፤ ከተከራዩ ጥፋት ውጭ ቢበላሽ አከራይ ያሠራል።” ሲገቡ ሙቅ ውሃ እየወረደ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። ከፍለው ካሠሩና ከኪራይ ይቀነስ ከተባለ፣ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በስልክ መልእክት ያስማሙ።

የቆጣሪ ጸብም ከዚሁ ይመጣል። በቀን አንዴ የሚሞቅ ባለ 50 ሊትር ቦይለር በወር ወደ 78 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታው 50፣ 100፣ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለፈ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል። አንድ ቆጣሪ ለአራት ተከራይና ለአከራዩ ቤት ከሆነ ድምሩ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል፤ ቦይለር የሌለው ጎረቤት ስለ እርስዎ ሙቅ ውሃ ይከፍላል። አከራዮች “ቦይለር አይበራም” የሚሉት በክፋት ብቻ አይደለም። ንኡስ ቆጣሪ ማስገባት፣ ካልሆነም ለቦይለር የቁርጥ ክፍያ መስማማት፣ ከየወሩ ኩርፊያ ያድናል።

እስኪሠራ ድረስ

ውሃ በማንቆርቆሪያ ወይም በድስት አፍልቶ በባልዲ መበረዝ የቆየ ዘዴ ነው፤ አያሳፍርም። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ከተጠቀሙ ግን ሶኬቱን ሳይነቅሉ እጅዎን ውሃው ውስጥ አያስገቡ፤ በብረት ባልዲም አይጠቀሙበት። ከሰል አቀጣጥሎ መታጠቢያ ቤት ወይም መኝታ ክፍል ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። በብርዱ ወራት በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ከሰል ይዞ የተኛ ሰው ሳይነሣ መቅረቱ የታወቀ ነው። ከሰሉ ደጅ ይሁን፤ የሞቀውን ውሃ ይዘው ይግቡ።

ለበዓል ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ ከሆነ ብሬከሩንም የቀዝቃዛ ማስገቢያውንም ዘግተው ይሂዱ። ሲመለሱ መጀመሪያ ማስገቢያውን ይክፈቱ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው የቆመውን ውሃ ያስወጡት፣ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይዝጉት፤ ብሬከሩ ከዚህ በኋላ ይበራል። ቤቱን ጨርሰው ሲለቁም አከራዩ ባሉበት ቦይለሩን አስሙቀው፣ ሴፍቲ ቫልቯን አሳይተው፣ የተቀየረ ዕቃ ካለ ደረሰኙን አስረክበው ይፈራረሙ።